ውጤቱን በእጅ መገልበጥ ይቅር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በላቦራቶሪ ሙያ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ አንድ የማታ ተረኝነቴ ልንገራችሁ።

ከሴቶች ክፍል ሁለት የደም ናሙና መጣ። የታካሚዎቹ ስም አንድ፣ የአባታቸውም ስም አንድ። የካርድ ቁጥሩ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ አንዱ በእርጥብ ጓንት ተሻሽቶ በግድ ነው የሚነበበው። ማሽኑ የአንዷን ሂሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚታወቅበትን ልክ) 6.8፣ የሌላዋን 12.9 አወጣ፤ 6.8 ከባድ የደም ማነስ ነው፣ 12.9 ደህና ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም። ወደ ውጤት ወረቀቱ ስገለብጥ ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ጤነኛዋ ሁለት ዩኒት ደም ታዘዘላት። ያተረፈችን ነርሷ ናት። የልጅቷን የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋ ብታየው ቀይ ነው። «ይቺ ልጅ ደም አላነሳትም፣ ድጋሚ ቀድቼ ልላክ» ብላ ደወለች። እስከዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የሌላዋ ነገር ነው። «ደሟ ደህና ነው» ተብላ ጠዋት ልትወጣ ነበር።

አውቶሜሽን (የእጅ ሥራን ለማሽን መስጠት) ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ትልቅ የመመርመሪያ ማሽን ነው። አብዛኛው ስህተት ግን የሚፈጠረው ናሙናው ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ወይም፣ እንደኔው፣ ውጤቱ ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ነው። ባርኮዱ ታካሚዋ አጠገብ ታትሞ ቱቦው ላይ ቢለጠፍ፣ ማሽኑ ራሱ ያነበዋል። ውጤቱም በኮምፒውተር በቀጥታ ሐኪሙ ጋ ይደርሳል። መሃል ላይ የኔ እስክሪብቶ የለም። ኮምፒውተሩ የቀድሞ ውጤትንም ያስታውሳል፤ ትናንት 12.9 የነበረ ሂሞግሎቢን ዛሬ 6.8 ቢሆን «አጣሩ» ብሎ ይይዘዋል።

ሌላም አለ። ደም በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ ቀይ ሕዋሱ ይፈነዳል። በውስጡ ያለው ፖታሲየም ይወጣና ታካሚው የሌለበት በሽታ ያለበት ይመስላል። አዳዲሶቹ የኬሚስትሪ ማሽኖች የሴረሙን (ከረጋው ደም የሚለየውን ፈሳሽ) ቅላት ለክተው ያስጠነቅቃሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የደከመ ዓይን ይህን ሊያልፈው ይችላል።

በእርግጥ ከተሳሳተ ሰው የተቀዳን ደም ባርኮድ አያርመውም። ስም ጠይቆ፣ ካርድ አይቶ መቅዳት የኛው ሥራ ነው።

ማሽን የምትገዙ ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ጨረታው ላይ የባርኮድ ማተሚያውንና ከኮምፒውተር ጋር የማገናኘቱን ሥራ አብራችሁ ጻፉ። እኛ ጋ ያለው ማሽን ከገባ ጀምሮ ባርኮድ አንባቢ አለው። ማተሚያ ግን አልተገዛም። ትናንት ማታም ፕላስተር ላይ ስም ስጽፍ አደርኩ።

የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት፣ ከአዲስ አበባ