ጥሩምባው ከሞት በፊት ይነፋልን
ለኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኮሚሽነር፣

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የቀጠፈው የመሬት መንሸራተት ተከታትሎ የደረሰ አደጋ እንደነበር መሥሪያ ቤትዎ ከማንም በላይ ያውቀዋል። መጀመሪያ ጥቂት ቤቶች በናዳው ተዋጡ፤ ጎረቤቱ፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ሳይቀሩ በአካፋና በባዶ እጃቸው ጭቃውን ሲዝቁ ተራራው ዳግመኛ ተንዶ እነርሱንም ቀበራቸው። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሊያድኑ የሄዱ ናቸው።

እኔ በተዳፋት ላይ የሰፈረ የአንድ ደጋ መንደር እድር ጸሐፊ ነኝ። እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ጩኸት ቢሰማ ሰው ሁሉ ሳያመነታ ወደዚያው ይሮጣል፤ ሩጫውን የሚከለክል ሕግ ቢወጣ እንኳ የሚሰማው የለም። ነገር ግን ከቆፋሪዎቹ ራቅ ብሎ ቁልቁለቱን የሚጠብቅና ሲሰነጠቅ የሚጮህ አንድ ሰው መቆም እንዳለበት፣ ዝናብ ለቀናት ያራሰው መሬት አንዴ ከተናደ በኋላ ሊደገም እንደሚችል፣ የደፈረሰ ምንጭና ያዘነበለ ዛፍ ምን እንደሚናገሩ ያስተማረን የለም። ይህ ትምህርት ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም።

መንግሥት ሰውን አስቀድሞ ማንሳት እንደሚችል በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከስፍራው ሲወጡ አይተናል። እርግጥ ነው፣ እዚያ መሬቱ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ይቀሰቅስ ነበር፤ የእኛ ቁልቁለት ግን ዝም ብሎ ይከርምና በአንድ ሌሊት ይወርዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 አደጋን መከላከልን ከእርዳታ አስቀድሞ ጠቅሶታል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የወረዳው ባለሙያ ከእድር ዳኞች ጋር ቁልቁለቱን በእግሩ ይዙር፤ ከሥሩ ያሉት ቤቶች ተለይተው ይመዝገቡ፤ ዝናቡ ሲበረታ የሚያድሩበት ጽኑ መሬት ላይ ያለ ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ አስቀድሞ ይወሰን። ቤተሰቡን፣ አዛውንቱን፣ የአልጋ ቁራኛውን የሚዘረዝር መዝገብ ከእድሩ አለ፤ ድንኳንም አለ። ጥሩምባም አለን፤ እስከ ዛሬ የተነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ነው። ለማስጠንቀቂያ የሚሆን ሌላ የአነፋፈስ ስልት ተስማምተን ከሰኔ በፊት ልንለማመድ ፈቃደኞች ነን፤ ባለሙያው የሚመጣበት ቀን ብቻ ይነገረን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ መንደር እድር ጸሐፊ