ከሊቨርፑል በፊት ባዝል ነበር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ጢም ይላሉ። የእናንተም የስፖርት ገጽ ስለ ግብፃዊው ተጫዋች ሞሐመድ ሳላህ ሲጽፍ ከሊቨርፑል ይጀምራል። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ብዙ ደጋፊዎች ከሞቱበት ከፖርት ሳይድ ስታዲየም እልቂት በኋላ የግብፅ ሊግ ተቋረጠ። የስዊዘርላንዱ ባዝል ከግብፅ ከ23 ዓመት በታች ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረገ። ሳላህ ከዕረፍት በኋላ ገብቶ ሁለት ግብ አገባ፤ ባዝልም ወሰደው። በ2014 ቼልሲ ገባ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አሳለፈ። እንደገና ያነሱት የጣሊያኖቹ ፊዮረንቲናና ሮማ ናቸው። በ2017 ሊቨርፑል ሲደርስ በስሎ ነበር፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን በሊጉ 32 ግብ አስቆጠረ።

እኔን የሚገርመኝ ባዝል ነው። እዚህ ከተማ ማልያውን የለበሰ ሰው አይቼ አላውቅም! ግን ልጁን አምኖ አጫወተው። ጣና ዳር ኳስ የሚያንከባልሉ ልጆች የሚያወሩት ስለ አርሰናልና ማንችስተር ብቻ ነው። አይፈረድባቸውም፤ የሚነገራቸው እሱ ነው።

እባካችሁ የዝውውር ዋጋውን ቀነስ፣ የመሸጋገሪያውን ክለብ ሰፋ አድርጉልን። በሚቀጥለው ሴኔጋላዊው ሳዲዮ ማኔ ከሊቨርፑል በፊት ከተጫወተባቸው ከሜትዝና ከሳልዝበርግ መጀመር ትችላላችሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር