ለጋሽ ሄንሪ አሮንና እስከ 715ኛው ሆም ረን አብረዋቸው ለቆሙ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ይህ ምስጋና የዘገየ ነው። ዋናው ባለቤቱ፣ በ1974 715ኛውን ሆም ረን መትተው የቤብ ሩትን ክብረ ወሰን የሰበሩት ጥቁሩ የቤዝቦል ተጫዋች፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2021 በ86 ዓመታቸው አርፈዋል፤ ከዚህ በታች ስማቸው ከሚነሳው ውስጥም ብዙዎቹ ቀድመዋቸው ሄደዋል። በአትላንታና በአካባቢዋ የምንኖር የቤዝቦል ተከታታዮች ግን ውለታው ሳይነገር እንዳይቀር ብለን ጽፈነዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሽ ሄንሪ፣ በእኛ ሰው ዘንድ ስምዎ ሲነሳ አንድ ቁጥር ይከተላል፤ 755። ሆም ረን ማለት ኳሷን በአየር ከአጥር ማዶ አሻግሮ አራቱንም ቤዝ ዞሮ መግባት ነው፤ ከ1954 እስከ 1976 ድረስ ይህን 755 ጊዜ አድርገዋል። ቁጥሩን ብቻ የሰማ ሰው ግን ግዙፍ ጡንቸኛ አድርጎ ይስልዎታል። ቁመትዎ 183 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደትዎ 82 ኪሎ ገደማ ነበር። በአንድ የውድድር ዓመት 50 መትተው አያውቁም፤ ትልቁ 47 ነው፣ እሱም በ1971፣ በ37 ዓመትዎ። ከ1955 እስከ 1974 ግን ሃያ ዓመት በተከታታይ ከ20 በታች ወርደው አያውቁም። እኛ የምንደነቀው በዚህኛው ነው።

መጀመሪያ የምናመሰግንዎ ስለ እጅዎ አንጓ ነው። ኳስ ወርዋሪው፣ ፒቸር የሚሉት፣ ከመቺው 18.44 ሜትር ርቆ ይቆማል። በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ትደርሳለች፤ መቺው ኳሷን ለይቶ፣ ልምታ ወይስ ልተው ብሎ የሚወስነው ከዚያች ቅጽበት በግማሿ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሰጠው ትምህርት ክብደትህን በኋለኛው እግርህ ላይ አቆየው የሚል ነው። ሰውነት ቀድሞ ወደ ፊት ከሄደ እጅም አብሮ ይሄዳል፤ ወርዋሪው አታልሎ ቀስ ያለች ኳስ ከላከ ዱላው ቀድሟት ያልፋል፣ ወይም ጫፏን ነክቶ ለተከላካይ ሲሳይ ያደርጋታል። እርስዎ ይህን ሕግ በየቀኑ ይጥሱ ነበር። ክብደትዎ ፊተኛው እግር ላይ ወድቆ እጆችዎ ግን ከኋላ ይቀራሉ። ወርዋሪው ሰውነትዎን አታልያለሁ ሲል እጆቹ ገና አልተንቀሳቀሱም፤ አንጓው በመጨረሻዋ ቅጽበት ዱላውን እንደ ጅራፍ ይለቀዋል። ይህን አይቶ የኮረጀ ወጣት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ያልሆነለት ፊተኛውን እግር ኮርጆ የኋለኛውን እጅ ስለሚተወው ነው።

ፍሬውም በቁጥር ይታያል። ከ12,364 የመምቻ ተራ 3,771 ጊዜ መትተው ቤዝ ደርሰዋል። 755ቱ ሆም ረኖች በሙሉ ቢሰረዙ እንኳ 3,016 ይቀራል፤ 3,000 ደግሞ ለታላላቆች ብቻ የሚገኝ ማዕረግ ነው። በስትራይክ አውት፣ ማለትም ሦስቴ ስቶ ተራን አጥቶ፣ መውጣት የኃይለኛ መቺዎች ሁሉ በሽታ ሆኖ ሳለ፣ እርስዎ በአንድም ዓመት 100 አልሞሉም። በእርስዎ ዱላ አብዝቶ የተጎዳው ታላቁ የዶጀርስ ወርዋሪ ዶን ድራይስዴል ነው፤ 17 ሆም ረን። ከዳር ተቀምጠው ባርኔጣዎን ፊትዎ ላይ ደፍተው በማናፈሻዋ ቀዳዳ ወርዋሪውን ብቻ ይመለከቱ ነበር ይባላል፤ ሌላውን ሜዳ ለመጋረድ። ወጪ የሌለው ዘዴ ነውና ለልጆቻችን እንመክራለን።

አንጓው የተሠራው በሞቢል፣ አላባማ ነው። ኳስ መግዛት ለማይችል ልጅ የጠርሙስ ቆርኪ ነበረ፤ በመጥረጊያ እንጨት የሚመታ። ቆርኪ ቀላል ስለሆነ በአየር ላይ ይገለባበጣል፣ መንገዱን ይቀይራል፤ ዓይን እስከ መጨረሻው ካልተከተለው አይገኝም። አንድ ጥፋት ግን አብሮ አደገ፤ እጆችዎን አጣምረው ነበር ዱላ የሚይዙት። ቀኝ እጁ የሆነ መቺ ቀኙን ከላይ፣ ግራውን ከታች ያደርጋል። ሲገለበጥ ክንዶቹ ይጠላለፋሉ፣ አንጓውም እስከ መጨረሻ መዞር አይችልም፤ ለጉዳትም ያጋልጣል። በ1952 በጥቁሮች ቡድን በኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ሲጫወቱ ሊያዩዎ የመጡት የብሬቭስ፣ ኋላ ብዙ ዘመን የተጫወቱበት ቡድን፣ መልማይ ዲዊ ግሪግስ አያያዙን ቢቀይሩ ምን እንደሚሆን ለማየት ጠየቁዎ። ላዩትና ለተናገሩት ለአቶ ግሪግስ ምስጋና ይድረሳቸው። በዚያው ሰሞን ኒው ዮርክ ጃያንትስም ይፈልግዎ ነበር፤ ብሬቭስ በወር 50 ዶላር ብልጫ ባያቀርብ ኖሮ ከጃያንትሱ ኮከብ ከዊሊ ሜይስ ጋር በአንድ ሜዳ ይቆሙ ነበር።

ከክላውንስ ዘመን አንድ ነገር ለዋሽንግተን ዲሲ ወገኖቻችን እንንገር። ቡድኑ ከግሪፊዝ ስታዲየም ጀርባ ባለ ምግብ ቤት ቁርስ በልቶ ሲጨርስ፣ ከወጥ ቤቱ የሳህን መሰባበር ድምፅ ተሰማ፤ ጥቁሮች የበሉበት ሳህን ከእንግዲህ አይታጠብም ተብሎ ነው የተሰበረው። ስታዲየሙ ፈርሶ ዛሬ በቦታው ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። የኛ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከዩ ስትሪት በእግር የሚደረስ ነው፤ በአንድ ማዕድ እየተጎራረስን የምንበላው እዚያው ሰፈር ላይ መሆኑን ስናስብ ዝም ብለን አናልፈውም።

በ1953 በጃክሰንቪል ከእርስዎ ጋር የደቡቡን ሊግ የዘር አጥር ለገፉት ለፊሊክስ ማንቲያና ለሆራስ ጋርነር ምስጋና ይድረሳቸው። ሦስታችሁ ከነጮቹ ጋር በአንድ ሆቴል ማደር አትችሉም ነበር። አሰልጣኙ ቤን ጌራቲ እናንተ ወዳረፋችሁበት እየመጡ አብረዋችሁ ይቀመጡ ነበር፤ እርስዎም ከሁሉ የሚበልጡ አሰልጣኝ እሳቸው እንደነበሩ ሲናገሩ ኖረዋል። በዚያ ዓመት የመምታት አማካይዎ .362 ነበር፣ ከሺህ ተራ 362 ምት እንደማለት፤ የሊጉም ምርጥ ተጫዋች ተባሉ። ክረምቱን ፖርቶ ሪኮ ካጓስ ላይ ከሁለተኛ ቤዝ አንስተው ወደ አውትፊልድ፣ ወደ ሜዳው ውጨኛ ክፍል፣ የወሰዱዎ ሚኪ ኦውንም አይረሱም። በ1958፣ 1959 እና 1960 በቀኝ አውትፊልድ የተሸለሙት የወርቅ ጓንት፣ የምርጥ ተከላካይ ሽልማት፣ ዘር ያኔ ነው የተዘራው። በ1954 የልምምድ ወቅት የብሬቭሱ የአውትፊልድ ተጫዋች ቦቢ ቶምሰን ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ቦታው ባዶ ሆነ። ለስብራት ምስጋና አይቀርብም፤ ቦታውን ግን እርስዎ ሞሉት።

ብሬቭስ ወደ አትላንታ ከመምጣቱ በፊት ለነበረባት ለሚልዋኪ ሕዝብ የምንለው አጭር ነው፤ በክብር ስላኖራችኋቸው እናመሰግናለን። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1957 በ11ኛው ኢኒንግ፣ በ11ኛው ዙር፣ ጋሽ ሄንሪ የመቱት ሆም ረን የሊጉን ዋንጫ አስገኘ፣ ጓደኞቻቸውም ተሸከሟቸው። ከዚያ በፍጻሜው፣ ወርልድ ሲሪስ በሚሉት፣ ያንኪስን በሰባት ጨዋታ ለማሸነፍ ሦስት ሆም ረን አከሉ፤ የዓመቱም ኮከብ ተባሉ።

ወደ መከራው እንምጣ። ቡድኑ በ1966 ወደ አትላንታ ተዛወረ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ሞቃት ስለሆነች ኳስ በአየሯ ላይ ይረዝማል፤ እርስዎም ይህን አይተው ኳሷን ወደ ግራ አጥር ይስቧት ጀመር። በ1973፣ በ39 ዓመትዎ፣ በ392 ተራ ብቻ 40 ሆም ረን መቱ። ወቅቱ ግን በ713 ላይ አበቃ፤ ከቤብ ሩት ክብረ ወሰን ከ714 አንድ ጎድሎ። ከዚህ የከፋ ማቆሚያ የለም። ክረምቱን ሙሉ የሚጠላዎ ሰው ለመጻፍም ለመዛትም ጊዜ አገኘ። በዚያ ዓመት የደረሰዎ ደብዳቤ 930,000 ያህል ነበር። በውስጡ ብዙ ስድብ፣ ጥቂት የማይባል የግድያ ዛቻም ነበረበት። በናሽቪል ፊስክ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅዎም የጠለፋ ዛቻ ደርሶባታል። እርስዎ በሐሰት ስም ሆቴል ይመዘገቡ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ምስጋናችን የሚበዛው። ያንን ሁሉ ፖስታ ከፍታ መልካሙን ከዛቻው እየለየች ለያዘችው ለጸሐፊዎ ለካርላ ኮፕሊን፤ ዛቻው በይፋ ሲታወቅ አይዞህ የሚል ደብዳቤ ላጎረፉት የማይታወቁ ሰዎች፤ የባሏ ክብረ ወሰን ሊሰበር ሲል ጥላቻውን በይፋ ላወገዘችው ለቤብ ሩት ባለቤት ለክሌር፤ ሽጉጡን በባይኖኩላር መያዣ ውስጥ ይዞ ለሚከተልዎ የአትላንታ ፖሊስ ለካልቪን ዋርድሎ። ለዋርድሎ በተለይ ስላልተኮሰ እናመሰግነዋለን። 715ኛው እንደተመታ ሁለት ልጆች አጥር ዘለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ሲደርሱብዎ፣ ሊገድሉ ይሁን ሊያቅፉ የመጡት፣ በዓይን ብቻ መለየት ነበረበት። ጀርባዎን መታ መታ አድርገው ተመለሱ።

አፕሪል 4 ቀን 1974 ሲንሲናቲ ላይ በወቅቱ የመጀመሪያ ምትዎ 714ኛውን መቱ። ዕለቱ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉበት ስድስተኛ ዓመት ስለነበር የኅሊና ጸሎት እንዲደረግ ጠይቀው ነበር፤ አልተደረገም። አፕሪል 8 በአትላንታ 53,775 ሰው ገባ። የቤዝቦሉ ኮሚሽነር ግን ክሊቭላንድ ሌላ ዝግጅት ላይ ነበሩ፤ ይህን የምናነሳው ለቂም አይደለም፣ የተገኘውን ለማመስገን ያልተገኘውንም መቁጠር ስለሚያስፈልግ ነው። በአራተኛው ኢኒንግ የዶጀርስ ወርዋሪ አል ዳውኒንግ፣ እንደ እርስዎ 44 ቁጥር የለበሰ፣ ኳሷን ወረወረ። በግራ በኩል ቢል በክነር አጥሩ ላይ ቢንጠላጠልም አልደረሰባትም፤ ተተኪ ወርዋሪዎች የሚሟሟቁበት ቦታ የቆመው ቶም ሃውስ ቀለባት፤ ሮጦም አምጥቶ ሰጠዎ። ዳውኒንግ በዚያ ምሽት ሸሽቶ ማራቅ ይችል ነበር፤ ሳይሸሽ ስለወረወረም እናመሰግነዋለን። እርስዎ የተናገሩት አጭር ነበር፤ ስላበቃ እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

የቀረውን በፍጥነት እንበል። ወደ ሚልዋኪ ተመልሰው ለብሩወርስ ሲጫወቱ፣ 755ኛውን ጁላይ 20 ቀን 1976 እዚያው መቱ። በ1982 ወደ ታላላቆች አዳራሽ ሲገቡ ከ415 መራጮች 406ቱ ደገፉዎ፤ ዘጠኙ ምን እንደፈለጉ እስካሁን እንነጋገራለን። ባሪ ቦንድስ በ2007 ሲያልፍዎ በቪዲዮ እንኳን ደስ አለህ አሉት። በድምር ቤዝ 6,856 እና ባስገቧቸው ነጥቦች 2,297 ግን እስካሁን ማንም አልደረሰብዎም። ጃንዋሪ 5 ቀን 2021 በሞርሃውስ የሕክምና ትምህርት ቤት ጥቁር ሕዝብ አይቶ እንዲበረታ በካሜራ ፊት የኮሮና ክትባት ወሰዱ። ከ17 ቀን በኋላ ሲያርፉ በእኛም ሰው ዘንድ ክትባቱ ነው ተብሎ ተወርቷል፤ የፉልተን ካውንቲ አስከሬን መርማሪ ግን በተፈጥሮ ሞት እንዳረፉ አሳውቋል።

የቀሩት እናትዎ ናቸው፤ እማማ ኢስቴላ። 715ኛውን መትተው ዞረው ወደ መምቻው ቤዝ ሲገቡ መጥተው አንገትዎን አቀፉ፤ አጥብቀውም ያዙዎ። መድፍና ርችት ይተኮስ ነበር። ልጃቸውን በጥይት የሚመታ ሰው ካለ እሳቸውንም አብሮ ይምታ ብለው ነው እንዲያ የያዙት። እማማ ኢስቴላ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

በአትላንታና አካባቢዋ የምንኖር አማርኛ ተናጋሪ የቤዝቦል ወዳጆች