የገብስማዋ እግር

አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቂው ነው፤ ጠባዩን አላሻሻለም።

አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ጠፋሁብሽ። ስልኬ ተበላሽቶ ነው ልልሽ አስቤ ነበር፤ ደግሞ ተበላሽቶም ነበር፣ ግን ምክንያቱ እሱ አይደለም። አንቺ በደወልሽ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቂኝ «ገብስማዋስ?» ብለሽ ነው። ስትሄጂ በካርቶን አድርገሽ፣ አደራ ብለሽ ያስረከብሽኝን ዶሮ እኔ በገዛ እጄ አሳምሜያት ነበር። እንዳትደነግጪ፣ አለች። ይህን ስጽፍ እንኳ ከደጃፍ ቆሻሻ እየጫረች ነው።

ነገሩ የመጣው በፋሲካ ነው። ከገበያ አንድ ቀይ አውራ ገዛሁ፤ ደረተ ሰፊ፣ ድምፁ ሰፈር የሚቀሰቅስ። ላርደው አሳዘነኝና ከሴቶቹ ጋር ቀላቀልኩት። እግሩ እንደ ዛፍ ቅርፊት የሻከረ ነበር። ሻጩ «አውራ ሲሸመግል እንዲህ ነው» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ የገብስማዋ እግር ወፈረ። ጠጋ ብዬ ሳየው ቅርፊቱ ምስማሩ እንደላላ ቆርቆሮ ብድግ ብድግ ብሏል፤ ከሥሩ ደግሞ የደረቀ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል። ማነከስ ስትጀምር ቅንቅን ነው ብዬ ቆጡን ጠራረግሁ፣ አመድ ነሰነስኩ። ምንም ለውጥ የለም። ጎረቤቴ «ላምባ ቀቢው» አለችኝ፣ ቀባሁት። በማግስቱ ቆዳዋ ተቃጥሎ ቀልቷል፣ እግሯን መሬት ማስነካት አቃታት። ስልክሽን ሳላነሳ የቀረሁት ያን ቀን ማታ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንሳት እየከበደኝ ሄደ።

በመጨረሻ በነጠላ ጠቅልዬ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። ባለሙያው ገና ከብብቴ ሳላወርዳት አወቀው፤ የእግር እከክ ነው። በዓይን የማትታይ ተባይ ከቅርፊቱ ሥር ቆፍራ ትገባና እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ትራባለች። ያ ነጭ ነገር የእሷ ቆሻሻና የቆዳው ፍርፋሪ ተደባልቆ የተጋገረው ነው። ሌሊት ከእንጨት ስንጥቅ ወጥታ ደም መጥጣ ወደ ጎሬዋ እንደምትመለሰው ቅንቅን አይደለችም፤ ይቺ ዕድሜዋን ሁሉ ዶሮዋ ላይ ናት። ለካ እኔ ያን ሁሉ አመድ የነሰነስኩት ጠላቴ በሌለችበት ቦታ ነው! ከአንዷ ወደ ሌላዋ የምትሻገረው ቆጥ ላይ ተጠጋግተው ሲያድሩ፣ ያውም ቀስ እያለች ነው። ለዚህ ነው አውራው ያመጣውን ነገር ሳላውቅ ወራት ያለፉት።

መድኃኒቱ ሲነግረኝ ሳቄ መጣ፦ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ቫዝሊን። ሥራው ግን አያስቅም። ሲመሽ፣ ቆጥ ላይ ወጥተው ሲደነዝዙ አንድ በአንድ አወርዳለሁ። ዓይኗን በነጠላ ሸፈን ካደረግሽላት ዶሮ ጸጥ ትላለች። እግሯን አሥር ደቂቃ ያህል እነክራለሁ፣ ከዚያ በብሩሹ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብዬ አሻለሁ። ራሱ ለቆ የመጣውን ብቻ ነው የማነሳው፤ ያልለቀቀውን በጥፍር ከፈለቀቅሽው ይደማል። (አንዴ ቸኩዬ አድምቻታለሁ፣ ይኸው ተናዘዝኩ።) በዚህ ብርድ እርጥብ እግር ይዛ እንዳታድር በፎጣ አድርቄ ከሰሉ አጠገብ ታቅፌያት እቆያለሁ። ከዚያ ከጣቷ ጀምሮ ላባዋ እስከሚነሳበት ድረስ በቅርፊቱ መሃል እየጠቀጠቅሁ ቫዝሊኑን ወፈር አድርጌ እቀባለሁ። ተባይዋን የሚገድላት አየር አጥታ መታፈኗ ነው። አንድ ጊዜ ቀብቶ መተው ግን ዋጋ የለውም፤ ከቅርፊቱ ሥር የተረፈችው ተራብታ እንደገና ይጀምራል። በየሦስት ቀኑ፣ ሰባቱንም፣ ደህና የሚመስሉትን ጭምር ቀባሁ። የቆጡን እንጨትም በአዲስ ቀየርኩ።

አውራው ስለባሰበት ባለሙያው አይቨርመክቲን የሚባል የተባይ መድኃኒት ሰጠው። ለሴቶቹ ቢሰጥ ግን እንቁላላቸውን ለተወሰነ ጊዜ መብላትም መሸጥም እንደማይቻል ሲነግረኝ በቫዝሊኔ ጸናሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ማታ ሳሽ ከገብስማዋ እግር አንድ ትልቅ ቅራፊ እንደ ጫማ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ ለስላሳ፣ ሮዝ የመሰለ አዲስ ቆዳ። እዚያው ከሰሉ አጠገብ አለቀስኩ፤ ሳቂብኝ። እግሯ መልኩን እስኪይዝ ግን ወራት ፈጀ። የግራዋ ትንሿ ጣት ጠማማ ሆና ቀርታለች፤ ስትመጪ ታያታለሽ፣ አልደብቅሽም።

አክስትሽ ዶሮ ጀምራለች ብለሽኝ ነበር። ሄደሽ እግራቸውን በእጅሽ ዳብሺው፣ በተለይ ከገበያ የመጣ አውራ ካለ። እርጅና ነው ቢሉሽ እንዳትሰሚ።

በይ አሁን ደውይልኝ፣ «ገብስማዋስ?» በይኝ። ቅዳሜ ማታ ብቻ ከሦስት ሰዓት በፊት አትደውይ፤ እንዳይመለስባቸው በሳምንት አንዴ መቀባቱን አልተውኩም፣ እጄ ቫዝሊን ነው።

ያንቺው፣
አደራሽን የያዘችው