የአስካሪ አያቶቻችንን ታሪክ ከልጆቻቸው አፍ እንቅረጽ

አያቴን ያየኋቸው በዕድሜዬ አንድ ክረምት ብቻ ነው። 1992 ነበር፣ አስመራ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። አንዲት የፈረንጅ ላም ቀርታቸዋለች። ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ተነስተው ራሳቸው ያልቧታል። ግድግዳው ላይ ግን ረጅም ታርቡሽ የደፋ፣ ወገቡን በፋሻ የታጠቀ፣ ጺም ያላበቀለ ልጅ ፎቶ ተሰቅሏል። ማነው ብዬ ስጠይቅ አክስቴ "አቦሓጎ ናቸው እኮ" አለችኝ፤ አቦሓጎ በትግርኛ አያት ማለት ነው። ልብሱ የአስካሪ ነው፤ አስካሪ የሚባለው በጣሊያን ቅኝ ገዥ ጦር ውስጥ ያገለገለ የአገሬው ወታደር ነው።

ምንም አልጠየቅኳቸውም። 12 ዓመቴ ነው፣ ልቤ ያለው ጥጃዋ ጋ ነው። 1998 ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መጣ፤ ስልክ ሳይቀር ተቆርጦ እስከ 2018 ቆየ። አቦሓጎ ያረፉት በዚያ መሀል ነው። መርዶውን የሰማነው በሦስተኛ አገር ዞሮ ነው።

እኔ አምቼ ነኝ፤ አዲስ አበባ ያደግኩ የኤርትራ ልጅ። የማውቀው ሁሉ ከአክስቴ የለቃቀምኩት ነው። በ1935 ጣሊያን ለወረራው ሲዘጋጅ በ19 ዓመታቸው ተመዘገቡ። በእነዚያ ዓመታት ከኤርትራ 60 ሺህ ገደማ ሰው አስካሪ ሆኗል። ለአገሬው ልጅ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነበር። ጦሩ ውስጥም ጥቁር ሰው ለአገሬው ወታደር ከተፈቀደው የመጨረሻ ማዕረግ፣ ከሹምባሽ በላይ አይወጣም።

ወደ ኢትዮጵያ ዘምተዋል፤ ይህን አልሸፋፍንም። እኛ ሰፈር ለእንዲህ ያለ ሰው የተዘጋጀው ቃል አንድ ነው፤ ባንዳ። መሣሪያቸውን ይዘው ወደ አርበኞች የገቡ አስካሪዎችም ነበሩ። አቦሓጎ አልገቡም። ለምን? አክስቴ አንድ ቀን ደፍራ ጠየቀቻቸው። ብዙ ዝም አሉና ላሟን ሊያዩ ወጡ።

መጋቢት 1941 ከረን በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ ጦርነቱ ለእሳቸው አበቃ። ከዚያ በእንግሊዞች ዘመን አስመራ ላይ ፖሊስ ሆኑ። ኦገስት 28 ቀን 1946 በእንግሊዝ ስር የነበሩ የሱዳን ወታደሮች ከተማው ውስጥ 46 ሰው ሲገድሉ ተረኛ ነበሩ። አክስቴ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። ማታ ገብተው እስኪነጋ ጫማቸውን ሳያወልቁ በር ላይ እንደተቀመጡ ታስታውሳለች።

በ1952 የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ሲመጣ ፖሊስነቱን ተዉት። ባጠራቀሟት ብር ሁለት ላም ገዙ። ፉርሽካ በጆንያ፣ አተላ ከሜሎቲ ቢራ ፋብሪካ፣ ወተቱን በብስክሌት ለየደንበኛው። ስድስት ልጅ ያሳደጉት በዚህ ነው። አክስቴ ጦርነቱን በሁለት ቃል ታልፈዋለች፤ ላሞቹን ካነሳችሁባት ግን ሁለት ሰዓት አይበቃትም። እኔ የምፈልገው ይህንንም ነው። ሰውየው አምስት ስድስት ዓመት ወታደር፣ አርባ ዓመት ገበሬ ነበሩ።

እንዲህ ዓይነት አያት ያለን ሰባት ቤተሰቦች ተሰባስበናል፤ አዲስ አበባ፣ ስቶክሆልም፣ ሮም፣ ዋሽንግተን። የሰላሳ አስካሪ ልጆችን ድምፅ መቅረጽ እንፈልጋለን። አብዛኞቹ ሰማንያ አልፈዋል። ባለፈው ዓመት ቀጠሮ ይዘንላቸው ሳንደርስባቸው ያረፉ አሉ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሚያስፈልገን 6,000 ዶላር ነው። ትንሹ ለድምፅ መቅረጫና ለስካነር ነው። ትልቁ ከትግርኛ ወደ አማርኛ ለሚመልሱት ልጆች ይከፈላል፤ ይህን ሥራ በነጻ ሥሩልኝ ማለት ግፍ ነው። አስር ዶላርም፣ አምስት መቶ ብርም እንቀበላለን። መልእክት ላኩልን፣ የሒሳብ ቁጥሩን እንሰጣችኋለን። የገባውንና የወጣውን በየወሩ ለሰጡን ሁሉ እንልካለን። ቅጂው ለማንም ሰው በነጻ ይሰጣል።

ገንዘብ ባይኖራችሁ ሳጥን ክፈቱ። የአስካሪ ፎቶ፣ የውትድርና ደብተር፣ የፖሊስ ምስክር ወረቀት ካገኛችሁ ዋናውን አትላኩ። በስልካችሁ ከፊትም ከጀርባም አንሱት። ስምና ቀን የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ነው።

ቀረጻው ስቶክሆልም፣ አክስቴ ቤት ይጀመራል። 84 ዓመቷ ነው። የላሞቹን ስም በተራ ጽፋ ጨርሳለች፤ በየሳምንቱ እየደወለች መቼ ነው የምትመጡት ትለኛለች።