ለዘይኑ፣ ስለ እማዬ ደብተር

ዘይኑዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ሐጂ ደህና ናቸው? መቼም «ይቺ ልጅ ሞታ ይሆን እንዴ?» ሳትዪ አልቀረሽም። አለሁ። ጠፋሁ፣ ይቅር በይኝ። ሰበብ ልደርድር ብል አንዱንም አታምኚኝም። ስንገናኝ እንደ ልብሽ ትሰድቢኛለሽ። አሁን ስለ እማዬ ልንገርሽ።

የጡት ካንሰር ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት። ስንቴ ልደውልልሽ ቁጥርሽን አውጥቼ መልሼ ዘጋሁት። ድምፅሽን ከሰማሁ ማልቀሴ አይቀርም፣ እማዬ ደግሞ አጠገቤ ናት። ጆሮዋን ታውቂዋለሽ።

ደሴ ናሙና ወስደው ወደዚህ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉላት። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለፈ፣ አሁን ኬሞ ላይ ናት። ቀጥሎ ጨረር አለ፣ ወረፋ ይዘናል። ድሮ ለጨረር አገሩ ሁሉ ጥቁር አንበሳ ደጅ ነበር የሚጠናው። አሁን ጅማም ሐረርም ተጀምሯል፤ ሰዉ ግን ብዙ ነው፣ ዘይኑ። እንዲህ ብዙ መሆኑን እኔ የት አውቄው።

ትዝ ይልሻል አይደል፣ በ2003 የማህበረሰብ ጤና መድኑ ሲጀመር? ተሁለደሬ ከ13ቱ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ ሆና፣ አንቺ መዝገብሽን ታቅፈሽ በየቤቱ ስትዞሪ? «ሳልታመም ለበሽታ ልክፈል? ሟርት ነው!» ብላ እማዬ ልታባርርሽ ነበር። አንቺም ሦስተኛውን ቡና ጠጥተሽ እንኳ አልነሳም አልሽ። ዛሬ ያንን የመድን ደብተር በፌስታል ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ነው የምትይዘው። ፎቶውን ደግሞ ባየሽው! ፎቶ አንሺውን ልትቆጣው አፏን ስትከፍት ነው የተነሳችው። ካርድ ክፍል ያሉት ሁሉ ሳያዩት አያልፉም።

ገበሬዋ እናቴ መድን አላት፣ ደመወዝተኛዋ እኔ የለኝም። የእኛ የደመወዝተኞቹ መድን አዋጅ የወጣው በ2002 ነው፤ ደንቡ 3 ከመቶ ከእኛ፣ 3 ከመቶ ከአሠሪው ይላል። ከእኔ ደመወዝ እስካሁን ሳንቲም አልተቆረጠም። ይህን ብነግራት እማዬ ሳቀች። «ይሄን ሁሉ አስተምሬሽ!» አለችኝ። ከኬሞው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ደብተሩ አልሠራም ብል ግፍ ነው። አልጋውንም ቀዶ ጥገናውንም ችሏል። ጉዱ የሚመጣው መድኃኒቱ ከመደርደሪያው ሲጠፋ ነው። «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይሉሻል። ውጭ ማለት የግል ፋርማሲ ነው። ሲቲ ስካኑ ተበላሽቷል፣ ውጭ። ናሙናው የሆርሞን ተቀባይ አለው የለውም የሚለው ምርመራ፣ እሱም ውጭ። ትራንስፖርቱን፣ የአስታማሚውን ምግብ ደግሞ መድኑ አያውቀውም። እኛስ የእኔ ቤት አለን። ከእማዬ ጎን ኬሞ የምትወስድ የወለጋ ሴት አለች፤ ማቲዎስ ወንዱ የሚባለው የካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያ ባይሰጣት ኖሮ የት ትወድቅ ነበር?

እማዬ ማታ ማታ «ስንት አወጣሽ?» ትለኛለች። ግማሹን እነግራታለሁ። ግማሹን ሰምታ እንኳ በሬው ይሸጥ ብላ ተነሳች። ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ታነባለች፣ የገበያ ሴት አይደለች! ስለዚህ ደረሰኞቹን የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት መሀል ነው የምደብቃቸው። ባለፈው አንዱ ልጅ ከነፈተናው የኬሞ ደረሰኝ ደረሰው። «ቲቸር፣ ይሄ ማርክ ነው?» አለኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ... ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ጠፍቼ ጠፍቼ ለጉዳይ መጣሁ፣ ምን ላድርግ። አንደኛ፣ ወረዳችሁ እዚህ ካለው ሆስፒታል ጋር ውል አለው? ከሌለ ከፍለን ኋላ የምንጠይቀው ነገር ይኖራል? ደረሰኞቹ ሁሉ አሉኝ። ማዘዣዎቹም ላይ «የለም» የሚለውን ከነማህተሙ አስደርጌያለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የደብተሩ እድሳት ያስጨንቀኛል። ወንድሜ «ከፍያለሁ» ይላል። የእሱን «ከፍያለሁ» ታውቂው የለ? በእድሩም እንዲሁ ሲል ነበር። ኬሞው መሀል ላይ ደብተሩ ጊዜው አልፎበታል ቢሉኝ ምን ይውጠኛል? እባክሽ መዝገቡን እይልኝ። ከደንብ ውጭ ሥሪልኝ አላልኩም። እሺ፣ ቢያምረኝም አላልኩም። የጎደለ ወረቀት ካለ ብቻ ንገሪኝና እኔ እሯሯጣለሁ።

ለእማዬ ብትደውዪላት ደስ ይላታል፤ «ዘይኑ ምን ሆና ቀረች?» ትላለች፣ እኔ መጥፋቴን ትታ። ስለ ገንዘብ ግን አደራሽን ትንፍሽ እንዳትዪ። ደብተሩን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ቁጥሩ ደብዝዟል፤ መጨረሻው 3 ይሁን 8 እኔም አልለየሁትም፣ ሁለቱንም ሞክሪው።

ያንቺዋ አስቴር