ብርድ ነው አይበሉኝ

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትንሹ ሁለት ጥርሱን አውልቋል። ይህን የምጽፈው የፊትዎን መቅላት «ደጋ ነው፣ ብርድ ነው» ብለው ስልኩን ስለዘጉብኝ ነው። ብርድ አይደለም፤ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ይባላል፣ መቅኔ ቀይ የደም ሴል ከልክ በላይ የሚያበዛበት በሽታ ነው።

የመንዝ ብርድ ፊት ያቀላል፣ አይካድም። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ሲያንስ ኩላሊት ኤሪትሮፖየቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ በዚያ ትእዛዝ መቅኔ ቀይ የደም ሴል ያበዛል። የእርስዎ ሆርሞን ግን ዝቅተኛ ነው፤ ደሙ የበዛው ማንም ሳያዘው ነው። ደግሞስ ሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር የሚኖሩት ሰዎች ደማቸው ሲለካ ቆላ ካለው ሰው ብዙም አልተለየም።

ጥፋቱ ጃክ-ቱ የሚባለው ፕሮቲን ላይ ነው። ሆርሞኑ ሴሉን ከውጭ ሲነካው ከውስጥ መልእክቱን የሚያስተላልፍ እሱ ነው። ጂኑ ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ፣ 617ኛው ቦታ ላይ በቫሊን ፈንታ ፌኒላላኒን ገባ። ከዚያ ወዲያ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ሆነ። ከወላጅ የወረሱት አይደለም፤ ለልጅ ልጆችዎ አይስጉ። ገላዎን በሙቅ ውሃ ታጥበው ሲወጡ የሚበላዎትም ከዚሁ ነው። ቁንጫ አይደለም።

እማማንም ብርድ ነው ብለናት ነበር። ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔም ዝም አልኩ።

ደም የሚቀዳው ሄማቶክሪቱ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ የቀይ ሴሎቹ ድርሻ፣ ከ45 በመቶ በታች እስኪወርድ ነው። በአንዴ 450 ሚሊ ሊትር ገደማ የተለመደ ነው፤ በእርስዎ ዕድሜ ግን ግማሽ ግማሹን ቢቀዱ ይሻላል፣ አለዚያ ራስ ያዞራል። ዋግምት ይበቃኛል አይበሉ፤ የሚወጣው ጥቂት ነው፣ አይለካም፣ በአስፕሪን ላይ ሲሆን ደግሞ መድማቱ ቶሎ አይቆምም። ደም ሲቀዳ ብረት ያንሳል፣ ይደክምዎታል፤ ያን ጊዜ ጎረቤት «ደም ማነስ ነው» ብሎ የብረት ኪኒን ቢያመጣልዎ እንዳይውጡ። ሴሎቹ መልሰው ይፈሉበታል። አስፕሪኗን ከምግብ በኋላ ይውሰዱ፤ ሰገራዎ ከጠቆረ ይንገሩኝ፣ አይደብቁኝ።

አፍዎ ከተጣመመ፣ ሲኒው ከእጅዎ ከወደቀ፣ አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠ ግን ፀበሉ በኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሐኪም ቤት። ደም ሲበዛ ይወፍራል፣ ሥር ውስጥ ይረጋል፤ የፈራሁት ይህን ነው፣ አባባ።

ማክሰኞ ጠዋት መኪና ደጅዎ ይደርሳል። ቁርስዎን በልተው፣ ውሃ ጠጥተው ይጠብቁ። ጠላ አይደለም፣ ውሃ።